ሞተሩ ሲቆም መጀመሪያ መልሕቅ



ከኔቬ ዮሴፍ ቤቶች መስኮት ሆኖ ለሚመለከት ሰው የሃይፋ ባሕረ ሰላጤ ከእግሩ ሥር ተዘርግቶ ይታያል። በስተ ግራ ወደቡና ክሬኖቹ፥ ከፊት ለፊት የነዳጅ ማጣሪያው ሰፈር፥ ከዚያ ወዲያ የክራዮት ከተሞች፥ አየሩ ጥርት ባለ ጊዜ ደግሞ በሩቁ ዓኮ አለች። ብዙዎቻችን ይህን ባሕር ጧትና ማታ እናየዋለን፤ ገብተንበት የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን። ያደግነው በደጋ ነው። ውኃ ለእኛ ወንዝና ምንጭ ነበር፤ የሚቀዳ እንጂ የሚኬድበት አልነበረም። ዋና የሚያውቀውም በመንደሩ በጣት የሚቆጠር ነው።

ልጆቻችን ግን ከባሕር ጋር እያደጉ ነው። የክፍል ጓደኞቻቸው አባት ጀልባ ይኖረዋል፥ ወይም ጎረቤት ዓሣ ለማጥመድ ይወጣል፤ «ኑ አብራችሁን ሂዱ» ይባላሉ፥ እነርሱም «እንሂድ» ብለው ይለምኑናል። ሁልጊዜ «አይሆንም» ማለት አይቻልም፤ የሚገባም አይመስለንም። እንግዲያው የሚሄዱበትን ነገር ማወቅ የእኛ የወላጆች ፈንታ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልናካፍላችሁ የፈለግነው በትንሽ ጀልባ ላይ ሳሉ ሞተር ቢቆም ምን እንደሚደረግ ነው። ነገሩ በእኛ ላይ ደርሶ፥ በሰላም አልፎ፥ ብዙ አስተምሮናል። ፍሬ ነገሩን አስቀድመን በአጭሩ እንናገር፦ ሞተር ሲቆም መጀመሪያ የሚታየው ሞተሩ አይደለም። አንደኛ ጀልባው ያለበት ቦታ፥ ሁለተኛ ሰዎቹ፥ ሦስተኛ ጥሪው ነው። ሞተሩ አራተኛ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ያወቀ ሰው ስለ ሞተር ምንም ባያውቅ እንኳ ቤቱ የመግባት ተስፋው ትልቅ ነው።

ጉዞው

እኛ የምንለው በአንድ ደረጃ የምንኖር ሁለት ቤተሰቦችን ነው፤ አራት ትልልቅ ሰዎችና ሁለት ልጆች። ሰባተኛው ባለ ጀልባው ነው። እርሱም የሰፈራችን ሰው ሲሆን፥ በወጣትነቱ በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት በመርከብ ላይ መካኒክ ሆኖ የሠራ፥ ዕብራይስጡ እንደ እኛው የሚደናቀፍ፥ እጁ ግን የማይደናቀፍ ሽማግሌ ነው። ጀልባው ሰባት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አሮጌ የዓሣ ጀልባ ነው፤ መሐሉ ላይ በናፍጣ የሚሠራ አነስተኛ ሞተር አለው።

የተነሣነው በሐምሌ ወር አንድ ዓርብ ማለዳ ከቂሾን ወንዝ መግቢያ፥ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ከሚያስሩበት ቦታ ነው። ከዚያ እስከ ዓኮ በባሕር ቀጥታ ከ11 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በዚያ ጀልባ ፍጥነት ከአንድ ሰዓት ጥቂት ያልፋል። ሐሳባችን የዓኮን ግንብ ከባሕር በኩል አይተን፥ ከቀትር በፊት ተመልሰን፥ ለሰንበት መሰናዳት ነበር።

ማለዳ የተነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ ዳርቻ በበጋ ወራት ባሕሩ ጧት ይተኛል፤ ወደ ቀትር ግን ከምዕራብ በኩል ከባሕር ወደ የብስ የሚነፍስ ነፋስ ይነሣና ማዕበሉን ከፍ ያደርገዋል። ከመካከላችን በጎርጎራ አካባቢ ያደገው አጎታችን ይህን ሲሰማ «ጣናም እንዲሁ ነው» አለ። በጣና ደንገል ታጭዶ ታስሮ በሚሠራው ታንኳ የሚሻገሩ ሰዎች ጉዟቸውን በጧት የሚያደርጉት ከቀትር በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ነው። ታንኳው ራሱም ውኃ ስለሚጠጣ ከጉዞ በኋላ ወደ ዳር ተጎትቶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ሞተር የሌለው ሰው ሰዓቱንና ዕቃውን ይጠነቀቃል ማለት ነው። ሞተር ያለውም እንዲያው መጠንቀቅ እንዳለበት ያየነው ከዚያ በኋላ ነው።

ባለ ጀልባው ገመዱን ከመፍታቱ በፊት ለሰባታችንም የመንሳፈፊያ ሰደርያ ሰጠን፤ የልጆቹንም በልካቸው አስሮ ከትከሻቸው ይዞ ወደ ላይ በመሳብ ከጭንቅላታቸው እንዳይወጣ ፈተነ። ሞተሩን ሲያስነሣም ወደ ኋላ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አየ። «ምን ታያለህ?» ብለን ብንጠይቀው፥ ከጭሱ ጋር ውኃ እየተተፋ መሆኑን እንደሚያይ ነገረን። የጀልባ ሞተር እንደ መኪና በነፋስ አይቀዘቅዝም፤ ከሥሩ የባሕር ውኃ ስቦ፥ ሙቀቱን በዚያ አውጥቶ፥ ውኃውን ከጭሱ ጋር በኋላ ይተፋዋል። ውኃው ከተቋረጠ ሞተሩ ይቃጠላል።

ፉጨቱ

ከወደቡ ወጥተን፥ ትልልቆቹ መርከቦች ከሚመላለሱበት መንገድ ርቀን፥ ወደ ኪርያት ያም ትይዩ ስንደርስ ከሞተሩ አጠገብ ቀጭን ፉጨት ተሰማ። የሙቀት ማስጠንቀቂያው ነበር። ባለ ጀልባው ወደ ኋላ አየ፤ ጭስ አለ፥ ውኃ የለም። ወዲያው ሞተሩን አጠፋው።

ያን ጊዜ የተሰማው ዝምታ ከፉጨቱ ይልቅ አስፈራን። ሞተር ሲሠራ ጀልባ እንደ ቤት ነው፤ ሲጠፋ ግን ውኃው እንደ ልቡ ወዲያና ወዲህ ያደርገዋል። ከትንሹ ልጃችን በቀር ሁላችንም ዓይናችንን ወደ ሞተሩ ክዳን ጣልን። ባለ ጀልባው ግን ክዳኑን አልነካም። ወደ ፊት ሄደና መልሕቁን አነሣ።

ነገሩ የገባን በኋላ ነው። ነፋሱ ከምዕራብ ቀለል ብሎ መንፈስ ጀምሯል። እርሱ እንዳሰበው ጀልባው እንዲሁ ቢተው በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ወደ ክራዮት ዳርቻ ይደርሳል። «ዳርቻ መድረስማ መልካም አይደለም ወይ?» ያልን ነበርን። አይደለም። ጥልቀቱ በሚያንስበት ቦታ ማዕበሉ ቆሞ ይሰበራል፤ ሞተር የሌለውን ጀልባ በጎኑ ይመታና ይገለብጠዋል። ብዙ ጊዜ ሰው የሚጎዳው በሰፊው ባሕር ሳይሆን ዳር ሲደርስ ነው። ስለዚህ ጀልባው ካለበት እንዳይነቃነቅ ማድረግ ከሁሉ ይቀድማል። መልሕቅ ከተጣለ ጊዜ ይገኛል፤ ጊዜ ካለ ሞተርንም ሰውንም መመልከት ይቻላል። መልሕቁን ትቶ ሞተሩን የሚፈታ ሰው ግን ከማዕበሉ ጋር እሽቅድምድም ገብቷል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ ነው።

መልሕቅ ሲጣል ደግሞ ወርውሮ መተው አይደለም። በዚያ ቦታ ጥልቀቱ ወደ 12 ሜትር ነበር። ባለ ጀልባው የለቀቀው ገመድ 60 ሜትር ነው፤ ይኸውም የጥልቀቱን አምስት እጥፍ። መልሕቅ መሬት የሚነክሰው ገመዱ ተጋድሞ ሲስበው ነው። ገመዱ አጥሮ ቀጥ ብሎ ከተሳበ መልሕቁ ተነቅሎ ይጎተታል። በመልሕቁና በገመዱ መካከል ጥቂት ሜትር ሰንሰለት የሚገባውም ለዚሁ ነው፤ ክብደቱ መልሕቁን አስተኝቶ ይይዘዋል። ደግሞም መልሕቁ የሚታሰረው ከጀልባው ፊት ነው እንጂ ከኋላው አይደለም፤ ከኋላ ከታሰረ ማዕበል ወደ ውስጥ ይገባል።

መልሕቁ መያዙን በምን እናውቃለን? እዚህ ላይ እኛም የምንሠራው ሥራ ተገኘ። ባለ ጀልባው ወደ ደቡብ፥ ወደ ቀርሜሎስ ተራራ እንድንመለከት አዘዘን። «ሁለት ነገር ምረጡ፤ አንዱ ቅርብ፥ አንዱ ሩቅ፥ በአንድ መስመር ላይ የሆኑ» አለን። በቅርቡ በኩል አንድ የጭስ ማውጫ፥ በሩቁ በኩል በተራራው ጫፍ ያለውን የሃይፋ ዩኒቨርሲቲን የኤሽኮል ፎቅ መረጥን። ልጆቹ እነዚያን ሁለቱን እንዲጠብቁ ተሾሙ። ሁለቱ ተደራርበው ከቆዩ ጀልባው ቆሟል፤ አንዱ ከሌላው እየራቀ ከሄደ ጀልባው እየሸሸ ነው። ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ስለሚገፋን፥ ወደ ደቡብ መመልከት መሸሻችንን ቶሎ ያሳያል። ጀልባ በመልሕቁ ዙሪያ ጥቂት ስለሚወዛወዝ ሁለቱ ትንሽ ይለያዩና ይመለሱ ነበር፤ ከዚያ አላለፉም። ከኤሽኮል ፎቅ በታች በተዳፋቱ ላይ የራሳችን ሰፈር ይታያል። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ አላለቀሱም፤ ሥራ ነበራቸውና።

የእማማ ዝምታ

ይህ ሁሉ ሲሆን እማማ የጀልባውን ጠርዝ ይዘው ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር። ፈርተው መስሎን «አይዞዎት» ብንላቸው፥ «እኔስ ከዚህ በባሰው መጥቻለሁ» አሉን።

እማማ ወደ ሀገር የገቡት በሱዳን በኩል፥ በባሕር ነው። ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በአየር የመጣችሁ ስለሆነ፥ ልጆቻችሁም ታሪኩን ላያውቁ ስለሚችሉ፥ በአጭሩ እንናገረው። ከ1981 ጀምሮ የእስራኤል መልእክተኞች ከፖርት ሱዳን በስተ ሰሜን ባለው የቀይ ባሕር ዳርቻ፥ አሩስ በሚባል ቦታ፥ ለጠላቂ ዋናተኞች የተሠራ የመዝናኛ መንደር ተከራይተው እንደ ሽፋን ይዘውት ነበር። በኖቬምበር 1981 ባት ጋሊም የተባለችው የባሕር ኃይል መርከብ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚያ ደረሰች። ከስደተኛው ሰፈር በመኪና በሌሊት የመጡት ወገኖቻችን ከዳርቻው በጎማ ጀልባ እየተጫኑ ወደ መርከቧ ተወሰዱ፤ ከዚያም በዚያን ጊዜ ገና በእስራኤል እጅ ወደነበረችው ወደ ሻርም አል ሼክ፥ ከዚያ በአውሮፕላን ወደ ውስጥ። በማርች 1982 የሱዳን ወታደሮች ዳርቻው ላይ ደርሰው ተኩስ ከከፈቱ በኋላ ግን መንገዱ ተለውጦ፥ በበረሃ በሚያርፉ አውሮፕላኖች ሆነ። ባት ጋሊም ማለት «የማዕበል ልጅ» ማለት ነው። ራምባም ሆስፒታል ያለበት የሃይፋ ሰፈርም በዚሁ ስም ይጠራል። ለሕክምና ወደዚያ ስንወርድ የመርከቧን ስም እየጠራን መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

እማማ በ1982 መግቢያ በዚያ መንገድ ሲያልፉ ገና ወጣት ነበሩ። የሚያስታውሱት ይህን ነው፦ ከዳር አካባቢ ድንጋይና የባሕር እሾኽ ስለነበረ፥ ወታደሮቹ ሞተሩን ወደ ላይ አንሥተው፥ እስከ ወገባቸው ውኃ ገብተው፥ ጀልባውን በእጃቸው እየገፉ ወደ ጥልቁ አወጡት። ማንም ድምፅ አላሰማም። «ጀልባውን የወሰደው ሞተር አይደለም፤ የሰው እጅ ነው። ሰው ካልተረበሸ ውኃ አይበላም» አሉን። ባለ ጀልባው የተነገረውን በተቆራረጠ ዕብራይስጥ ስናስረዳው ቆቡን አውልቆ እጅ ነሣቸው።

ማን ይጥራ?

ቀጥሎ ክርክር ተነሣ። ባለ ጀልባው ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ እንዳለበት፥ እስከዚያው ግን ያለንበትን ለሰው ማሳወቅ እንደሚገባ ነገረን። አጎታችን «ገና ምን ሆነንና ነው ሰው የምናስቸግረው? ያፍሩብናል» አለ። ይህን ስሜት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በሰው ሀገር፥ በማይሞላ ቋንቋ፥ እርዳታ መጠየቅ ከችግሩ ይልቅ ይከብዳል። ባለ ጀልባው ግን አንድ ነገር አስረዳ፦ ባሕር ላይ ጥሪ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «አድኑን» ነው፤ ሌላው «እዚህ ነን፥ ይህ ደርሶብናል፥ ለጊዜው ደኅና ነን፥ እወቁልን» ነው። ሁለተኛው ማስቸገር አይደለም። አዳኞቹ ራሳቸው የሚመርጡት ይህን ነው፤ ነፋሱ ከበረታና ሰው ከታመመ በኋላ ከሚጠሩ፥ ገና ፀጥ ብሎ ሳለ ማወቁ ይሻላቸዋል።

ክርክሩ በዚህ ቢያልቅም ሌላ ተተካ። ባለ ጀልባው እጁ በሥራ ስለተያዘ ራዲዮውን ለእኛ አቀበለን። የዐሥራ አንድ ዓመቷ ልጃችን ወዲያው እጇን ዘረጋች። የእርሷ ሥራ ነውና። በባንክ የምትናገር እርሷ፥ በኩፓት ሆሊም የምታስተረጉም እርሷ፥ ከቤት የሚመጣውን ደብዳቤ የምታነብብ እርሷ ናት። እናቷ ግን እጇን ቀስ አድርጋ መለሰችና «ይህን እኔ እናገራለሁ፤ አንቺ ፎቁን ጠብቂ» አለቻት።

ይህን ያደረገችው ልጅቷ ስለማትችል አልነበረም፤ ከእኛ ሁሉ የተሻለ ትችላለች። ነገር ግን በዚያች ሰዓት ሰባት ሰው በልጅ አንደበት ላይ መንጠልጠል የለበትም። ሰውዬው ከወዲያ በኩል «የቆሰለ አለ ወይ? ውኃ ይገባል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ፥ ያንን ፍርሃት መጀመሪያ ሰምቶ ወደ እኛ የሚያሻግረው ልጅ ሊሆን አይገባም። ይህ በባሕር ላይ ብቻ አይመስለንም።

እናትየዋ አምስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ተናገረች። ባለ ጀልባው ከመነሣታችን በፊት ለሁላችንም ያስጠናን ነበርና። እናንተም ልጆቻችሁም እንድታጠኗቸው እዚህ ጽፈናቸዋል፦

«አናኽኑ ቤሲራ ክታና» — በትንሽ ጀልባ ላይ ነን።
«ሃማኖአ ሎ ኦቬድ» — ሞተሩ አይሠራም።
«አናኽኑ ዓል ዖገን፥ ሙል ኪርያት ያም» — መልሕቅ ጥለናል፥ በኪርያት ያም ትይዩ ነን።
«ሺቭዓ አናሺም፥ ሜሄም ሽኔ ዬላዲም» — ሰባት ሰዎች ነን፥ ሁለቱ ልጆች ናቸው።
«ኩላም ቤሴዴር» — ሁሉም ደኅና ናቸው።

አነጋገሯ ቀጥ ያለ አልነበረም፤ «ሺቭዓ» ላይ ተሰናክላ ደገመችው። ነገር ግን የት፥ ምን፥ ስንት ሰው የሚለው ተሟልቶ ነበር፤ የሚፈለገውም ይህ ብቻ ነው። የራዲዮው ተረኛ ደግሞ ደጋግሞ አረጋገጠ፥ በየግማሽ ሰዓቱ እንድንጠራው ነገረን። ራዲዮውን ስታስቀምጥ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ፊቷ ግን በርቶ ነበር።

ለዚህ የሚያገለግለው ራዲዮ በመላው ዓለም በ16ኛው ቻናል ይደመጣል። የሰው ሕይወት በርግጥ በአደጋ ላይ ሲሆን፥ ጀልባ ሲሰጥም ወይም ሲቃጠል «ሜይዴይ» ሦስት ጊዜ ይባላል፤ ጭንቅ ሆኖ ሳለ ለሕይወት ወዲያው የማያሰጋ ሲሆን «ፓን ፓን» ሦስት ጊዜ ይባላል። የመርከብና የወደቦች ባለሥልጣን የባሕር ላይ ማዳንን የሚያስተባብር ማእከል በዚሁ በሃይፋ አለው። ራዲዮ ከሌለ በስልክ ወደ 100 ወደ ፖሊስ፥ ሰው ከታመመም ወደ 101 ወደ ማገን ዳዊድ አዶም ይደወላል። ስልኩ ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ይታሰር። ደግሞ አንዳንድ እናቶቻችን ስለሚጠይቁ፦ ሰንበት ቢገባም ሕይወት ለማዳን መደወል የተፈቀደ ነው፤ ሕይወትን ማዳን ሰንበትን ይሽራል።

ከዚያ በኋላ ሞተሩ

አሁን አራተኛው ደረሰ። ባለ ጀልባው ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቀ። የጋለ ሞተር የውኃ ክዳን መክፈት ፊትንና እጅን በእንፋሎት መገሸለጥ ነው። በዚህ መካከል ትንሹ ልጅ አስመለሰው። የቆመ ጀልባ ከሚሄድ ጀልባ ይልቅ ይንጣል። ያደረግነው ቀላል ነው፦ ወደ ነፋሱ አስቀመጥነው፥ ዓይኑን ከጀልባው ውስጥ አንሥቶ ተራራው ላይ እንዲያሳርፍ ነገርነው፥ ውኃ በትንሽ በትንሹ፥ ከዚያ ደረቅ ዳቦ ሰጠነው።

ሲቀዘቅዝ ሽማግሌው በመጀመሪያ ከጀልባው ሥር ውኃ የሚገባበትን ቧንቧ ዘጋ። ይህ ካልተዘጋ የሚከፈተው ሁሉ ባሕሩን ወደ ውስጥ ያስገባል። ቀጥሎ የባሕር ውኃው የሚያልፍበትን ማጣሪያ ከፈተ። በውስጡ የባሕር ሣር ነበረ፤ ከሣሩም ጋር የተጨማደደ የፕላስቲክ ከረጢት ቁራጭ። ሰው ከገበያ አምጥቶ የጣለው ከረጢት ሰባት ሰው አቆመ። ልጆቹ በየተራ ይዘው አዩት።

ማጣሪያው ከተጸዳ በኋላ ሞተሩን ቢያስነሣው አሁንም ውኃ አልተፋም። አጠፋው። «ፓምፑ በደረቁ ዞሯል» አለ። በፓምፑ ውስጥ መዳፍ የምታህል፥ ዙሪያዋን ክንፍ ያላት የላስቲክ መዘውር አለች፤ ውኃውን የምትገፋው እርሷ ናት። ውኃ ከሌለ በደቂቃ ውስጥ ትግልና ክንፎቿ ይቆረጣሉ። በካቻቢቴ ክዳኑን ፈትቶ ሲያወጣት ሦስት ክንፍ ጎድሏታል። አዲሲቱን ከመሣሪያ ሣጥኑ አወጣ፤ ሁልጊዜ አንድ መለዋወጫ ይዞ ይሄዳል። ነገር ግን አዲሲቱን ከማስገባቱ በፊት የተቆረጡትን ሦስት ክንፎች አንድ በአንድ ፈለገ። ሁለቱ ከዚያው ተገኙ፤ ሦስተኛው ወደ ፊት ሄዶ በቧንቧው ጠባብ ቦታ ተሰክቶ ነበር። ያን ባያወጣው አዲሲቱም ውኃ አታሳልፍም ነበር። እኛ ቸኩለን «ይበቃል፥ ይሂድ» እንል ነበር፤ እርሱ ግን የጎደለው ሁሉ ሳይቆጠር ሥራው እንዳላለቀ አሳየን።

ቧንቧውን ከፍቶ ሞተሩን አስነሣ። ሁላችንም ወደ ኋላ ተጎነበስን። ጭስ፥ ከዚያ ጥቂት ትፍ ትፍ፥ ከዚያ ውኃ። ልጆቹ እልል አሉ። እናትየዋ ራዲዮውን አንሥታ «ሃማኖአ ኦቬድ» አለች፤ ችግሩ ሲፈታም መንገር ግዴታ ነው፥ አለበለዚያ ሰዎች ይፈልጉናል። መልሕቁን የሳብነው ሞተሩ ዐሥር ደቂቃ ሠርቶ ሙቀቱ መርጋቱ ከታየ በኋላ ነው። ዓኮን በዚያን ቀን አላየናትም። ነፋሱ እየበረታ ስለነበር ወደ ቂሾን ተመለስን፤ ሰንበትም ሳይገባ ቤታችን ገባን።

ሌሎቹ ምክንያቶች

የጀልባ ሞተር የሚቆመው በውኃ ማቀዝቀዣው ብቻ አይደለም። ባለ ጀልባው እንዳስረዳንና ሌሎች ዓሣ አጥማጆችም እንደሚሉት፥ የሚበዙት ምክንያቶች እነዚህ ናቸው።

አንደኛው ናፍጣው ነው። በታንከሩ ሥር የሚቀመጥ ዝቃጭና ውኃ ጸጥ ባለ ቀን አይታወቅም፤ ማዕበል ሲንጠው ግን ተነሥቶ ፊልትሮውን ይዘጋል። ስለዚህ ሞተር የሚቆመው ብዙ ጊዜ ባሕሩ በከፋበት ሰዓት ነው። መድኃኒቱ ፊልትሮውን መለወጥ ነው። ነገር ግን ናፍጣ በሚሄድበት ቧንቧ ነፋስ ከገባ ሞተሩ አይነሣም፤ ብሎኑን ላላ አድርጎ፥ በእጅ ፓምፕ እየገፉ፥ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ ድረስ ነፋሱን ማስወጣት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ባትሪው ነው። ሞተሪኖው ጠቅ ብሎ ዝም ካለ፥ ከፓምፕና ከናፍጣ በፊት የባትሪው ሽቦ መላላቱንና መዛጉን ማየት ይቀድማል፤ የባሕር ጨው ሁሉን ይበላል።

ሦስተኛው ውልብልቢቱ ነው። ገመድ ወይም የተጣለ መረብ ከተጠመጠመበት ሞተሩ በድንገት ታንቆ ይቆማል። ያን ጊዜ ደጋግሞ ማስነሣት ይብስ ያጠብቀዋል። ሞተሩ በርግጥ ጠፍቶ ቁልፉ ሳይወጣ ማንም እጁን ወደዚያ አይስደድ።

አራተኛው የሚያሳፍር ቢመስልም የተለመደ ነው፦ ናፍጣው ማለቁ። ልማዱ ሢሶውን ለመሄጃ፥ ሢሶውን ለመመለሻ፥ ሢሶውን ለክፉ ቀን ማስቀመጥ ነው።

ሞተሩ እንቢ ካለና ሌላ ጀልባ «ልጎትታችሁ» ቢል፥ ገመዱ የሚታሰረው ከፊት ባለው ጠንካራ ማሰሪያ ነው፤ ቀስ ብሎ ይሄዳል፥ ሰውም ከተወጠረው ገመድ ትይዩ አይቀመጥም፥ ቢበጠስ ይገርፋልና። ሰውን ለማዳን ዋጋ አይጠየቅም፤ ጀልባን ለመጎተት ግን ሊጠየቅ ስለሚችል፥ ጊዜ ካለ ገመዱን ከመቀበል በፊት መነጋገር መልካም ነው።

ልጆቻችሁን ከመስደዳችሁ በፊት

ጎረቤት ወይም የጓደኛ አባት ልጃችሁን በጀልባ ሊወስድ ሲጠይቅ፥ እምቢ ማለትም ዝም ብሎ መስደድም የለባችሁም። ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ደግ ባለ ጀልባ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።

ለጀልባውም ለነጂውም ሪሻዮን አለ ወይ? ሞተር ያለውን ጀልባ ያለ ፈቃድ መንዳት በሕግ የተከለከለ ነው። በልጁ ልክ የሚሆን የመንሳፈፊያ ሰደርያ አለ ወይ? መልሕቁ ከነገመዱ ነው ወይ፥ ገመዱስ ስንት ሜትር ነው? ራዲዮ አለ ወይ? ከእርሱ ሌላ መልሕቅ መጣልና ራዲዮ መናገር የሚያውቅ ማን አለ? እርሱ ራሱ ቢታመምሳ? የሚመለሱት ስንት ሰዓት ነው? የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎቱ ስለ ባሕሩ ምን ብሏል? በየቀኑ የማዕበሉን ከፍታና የነፋሱን አቅጣጫ ያወጣልና።

ከዚያ እናንተ ደግሞ በየብስ የምትሠሩት አለ፦ የት እንደሄዱ፥ ስንት ሰው እንደሆኑ፥ በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ያ ሰዓት ካለፈና ስልካቸው ካልተነሣ፥ የምትደውሉት እናንተ ናችሁ። ከላይ የጻፍናቸውን አምስት ዓረፍተ ነገሮች ቆርጣችሁ በፍሪጁ ላይ ለጥፉ። በመጀመሪያ ልጆቹ ሳይሆኑ ትልልቆቹ ይጥኑት። ጮክ ብላችሁ ተናገሩት፤ ተሳስታችሁም ተናገሩት። ከወዲያ በኩል ያለው ሰው የሚፈልገው ያማረ ዕብራይስጥ ሳይሆን የት፥ ምን፥ ስንት ሰው የሚለውን ነው።

ከባሕርም ከየብስም በሰላም ያግባን።